ፓውደር ሳይሆን ሶዳ

እናቴ ቡና እምቢ ስትል ነው ነገሩ የገባኝ። ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ ነው። ደብረ ብርሃን፣ ጠዋት ሣሩ በውርጭ ነጭ የሚሆንበት ሰሞን። ከከሰሉ ዳር ተቀምጣ፣ ሲኒውን ከከንፈሯ አድርሳ ቶሎ መለሰችው። "አልጣመሽም እንዴ?" አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። እማዬ ደግሞ በራስ ንቅናቄ የምትመልስ ሴት አይደለችም። ለአንድ ጥያቄ ሦስት መልስና አንድ ተግሣጽ ነው ልማዷ። "እስቲ አፍሽን ክፈቺ" ብዬ የስልኬን መብራት አበራሁ።

የታችኛው ከንፈሯ በውስጥ በኩል ተልጧል። ጠርዙ ቀይ፣ መሐሉ ነጣ ያለ፣ የምስር ፍሬ የምታህል ቁስል። ምላሷ ጎን ላይ ሌላ። ጉንጯ ውስጥ፣ ጥርሷ በሚነካበት መስመር፣ ረዘም ያለ ሦስተኛ። የመጀመሪያውን ኬሞ፣ የካንሰሩን መድኃኒት፣ ከወሰደች 8ኛ ቀኗ ነበር።

እኛ የፈራነው ማስመለሱን ነበር። ፀጉሩንም ፈርተናል። ሻሽ ገዝተን፣ ለማስመለሱ ክኒን ይዘን፣ ለመኪናው ፌስታል አዘጋጅተን ነው የሄድነው። አፍ ይቆስላል ብሎ ያሰበ አልነበረም። ሐኪም አይደለሁም፤ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ አራት ዙር ሙሉ የእማዬን አፍ በስልክ መብራት ስመረምር የከረምኩ ሰው ነኝ፣ የቀረውን ደግሞ ሲስተሮቹን እየነዘነዝኩና እያነበብኩ ነው የተረዳሁት።

ለምን አፍ? ኬሞ ቶሎ ቶሎ የሚራባ ሴል ሲያገኝ የካንሰር ይሁን የጤነኛ አይለይም። የአፋችን የውስጥ ቆዳ ደግሞ በአንድና በሁለት ሳምንት ውስጥ ራሱን የሚያድስ ነው። መድኃኒቱ ያን እድሳት ያቆመዋል። አሮጌው ይረግፋል፣ አዲሱ አይመጣም፣ ሥጋው ራቁቱን ይቀራል። ለዚህ ነው ቁስሉ በዚያው ቀን የማይወጣው። ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 10 ቀን ባለው ይመጣል። ነጭ የደም ሴልም የሚያሽቆለቁለው በዚያው ሰሞን ነው፣ ስለዚህ ክፍት ቁስል አለ፣ የሚጠብቅ ወታደር ግን የለም። እማዬ የምትወስደው ያን ቀዩን መድኃኒት ነው፣ ዶክሶሩቢሲንን። ሽንትን ሁሉ ቀይ ያደርጋል፤ በመጀመሪያው ቀን ደም መስሏት ስትጮህ ጎረቤት ነው የተሰበሰበው። አፍን በማቁሰልም ስሙ ያለበት መድኃኒት ነው። ፍሎሮዩራሲልና ሜቶትሬክሴት የሚባሉትም እንዲሁ።

ወደ ቁስሉ ልመለስ። የመጀመሪያዋ ሐኪም ጎረቤታችን ነበሩ። እማማ የሆነውን ሰምተው በነጠላቸው ሥር ብልቃጥ ይዘው መጡ። አረቄ። "ያዝ ታድርግና ትትፋው፣ ያደርቀዋል" አሉ። እኛ አገር ደግሞ አረቄ የማይገባበት በሽታ የለም። ለጥርስ ሕመም አረቄ፣ ለብርድ አረቄ፣ ለሆድ ቁርጠት አረቄ። እማዬ አንድ ጊዜ ጎንጨት አለች። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ያን ቀን ማታ ውሃም መዋጥ አቃታት።

እኔ የተማርኩት ልጅ ደግሞ በማግሥቱ ከመድኃኒት ቤት ሰማያዊ የአፍ መጉመጥመጫ ገዛሁ። ከውጭ የገባ፣ ጠርሙሱ የሚያምር፣ የሚያስከፍለውም የሚያምር። ባለሙያው "ምርጥ ነው፣ ጀርም አያስተርፍም" ነው ያለኝ፤ ለማን ነው ብሎ አልጠየቀኝም፣ እኔም አልነገርኩትም። እማዬ ገና አፏ ውስጥ እንዳስገባችው ወደ ሳፋው ተፋችው። "ያው አረቄው ነው" አለችኝ። ስቄ ጠርሙሱን ገልብጬ በደቃቁ የተጻፈውን አነበብኩ። አልኮል አለበት። ያው አረቄ ነዋ! ሰማያዊ ቀለም የተቀባ አረቄ። አልኮል ያለበት መጉመጥመጫ የቆሰለ አፍን ያቃጥላል፣ ያልቆሰለውን ያደርቃል፣ የደረቀ አፍ ደግሞ ለመቁሰል ቅርብ ነው። የምትገዙ ከሆነ አልኮል የሌለበት መሆኑን ከጠርሙሱ ጀርባ አንብቡ። ከፊት ለፊቱ የተጻፈው ማስታወቂያ ነው።

ከሁለተኛው ዙር በፊት ለቀጠሮ አዲስ አበባ ስንሄድ መድኃኒቱን የምትሰጣት ሲስተር አፏን አይታ "ማዘር፣ በጨውና በሶዳ አልተጉመጠመጡም እንዴ?" አለች። እኔና እማዬ ተያየን። ነግረውን ይሆናል። ያን ቀን ስንት ነገር ነው የተነገረን! የደም ምርመራው፣ ቀጠሮው፣ ክፍያው፣ ክኒኑ ጠዋት ይሁን ማታ። የሰጡን ወረቀት ደግሞ ሙሉ በሙሉ በእንግሊዝኛ ነው። እናቴ አማርኛውንም የምታነበው ፊደሉን አንድ በአንድ እየቆጠረች ነው። 130 ኪሎ ሜትር ተጉዛ መጥታ፣ በማታነበው ቋንቋ ስለ ገዛ አፏ ወረቀት ተሰጥቷት ትመለሳለች። ይሄ እስካሁን ያንገበግበኛል። ሲስተሯ ግን ወረቀቱን ገልብጣ በጀርባው በአማርኛ ጻፈችልኝ፤ ያ ወረቀት አሁንም ፍሪጃችን ላይ ተለጥፏል።

የጻፈችው ይሄ ነው። አንድ ሊትር ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ። በቃ። ምግብ በተበላ ቁጥርና ከመኝታ በፊት፣ በመሐልም ሲቻል። ግማሽ ደቂቃ ያህል አፍ ውስጥ ማንከባለል፣ መትፋት። አለመዋጥ፣ በተለይ ደም ግፊት ላለበት ሰው። በየቀኑ የትናንቱን ደፍቶ አዲስ መበጥበጥ። እና ከሥሩ ሁለት ጊዜ የተሰመረበት፦ ቁስል እስኪወጣ አትጠብቁ፣ ከኬሞው ቀን ጀምሩ።

እዚህ ላይ ነው አስቂኙ የመጣው። ከተማ ገብቼ ሱቅ ጠየቅሁ። "ቤኪንግ ሶዳ አለ?" "አለ" ብሎ ፓኬት ሰጠኝ። ሳላየው ይዤ ገባሁ። በጠበጥኩት፤ ውሃው አረፋ አረፋ አለ። ጥሩ ምልክት መሰለኝ፣ እየሠራ ነው ብዬ። እማዬ ሁለት ቀን ተጉመጠመጠችበት፣ በሦስተኛው ቀን "ልጄ፣ ይሄ ነገር ሊጥ ሊጥ ይላል" አለችኝ። ፓኬቱን ከቆሻሻው አውጥቼ ሳየው ቤኪንግ ፓውደር ነው። ይዤው ተመለስኩ። ባለ ሱቁ "ያው ነው እኮ" ይለኛል!

ያው አይደለም። ፓውደሩ ውስጥ ሶዳ አለ፣ ግን ከደረቅ አሲድና ከስታርች ጋር ተቀላቅሎ ነው። ውሃ ሲነካው ሶዳውና አሲዱ እርስ በርስ ይጠፋፋሉ፤ አረፋው እሱ ነው። የሚተርፈው ስታርቹና ሌላ ዓይነት ጨው ነው፤ እማዬ ሊጥ ያለችው ስታርቹን ነው። ኬክ ይነፋል፣ ለአፍ ግን አይረባም። የምትፈልጉት ፓኬቱ ላይ "ሶዲየም ባይካርቦኔት" የሚለውን ብቻ ነው። ሦስት ሱቅ ዞሬ አጣሁ፣ አራተኛው ላይ የኬክ ዕቃ የሚሸጡ ዘንድ አገኘሁ። እግረ መንገዴን አንድ የምር ማስጠንቀቂያ፦ ገበያ ላይ "ሶዳ" ተብሎ ለሳሙና መሥሪያ የሚሸጥ አለ፣ ኮስቲክ ሶዳ። እሱ ሥጋ ይበላል። ሰው ስትልኩ "ሶዳ ግዛ" ብላችሁ ብቻ አትላኩ።

ጨውና ሶዳ ምን ይሠራል? ተአምር አይሠራም። አፍ ውስጥ ያለውን አሲድ ያበርዳል፣ የሚዝለገለገውን ምራቅና የምግብ ርዝራዥ ያጥባል፣ አፉን ያረጥባል። ቁስልን ሙሉ በሙሉ ያስቀራል የሚል ጠንካራ ማስረጃ የለውም፤ ይህን ስሰማ መጀመሪያ ተናድጄ ነበር። በፈረንጆቹ 2000 ላይ አሜሪካ ውስጥ የታተመ አንድ ጥናት አለ። ኬሞ አፋቸውን ያቆሰለባቸው ሰዎች በሦስት ተከፍለው ነው የተጠኑት፦ አንዱ ጨውና ሶዳ፣ አንዱ ክሎርሄክሲዲን የሚባለው የጀርም መጉመጥመጫ፣ ሦስተኛው የሚያደነዝዝ መድኃኒት ያለበት ቅይጥ። ሦስቱም ላይ ቁስሉ የዳነበት ፍጥነት ልዩነት አልነበረውም። ርካሹ ከውዱ እኩል ነው ማለት ነው። ለእኔ ይሄ በቂዬ ነው። የማታቃጥል፣ በሳንቲም የምትበጠበጥ ነገር እያለች ለምን ለሰማያዊው ልክፈል?

ክሎርሄክሲዲንን ካነሳሁ አይቀር፦ ብዙ ሰው "ጠንካራው" እያለ የሚገዛው እሱን ነው። ራስና አንገታቸው ላይ ጨረር ለሚወስዱ፣ ቁስሉን ለመከላከል ተብሎ እንዳይሰጥ የሙያው ዓለም አቀፍ መመሪያ ይመክራል። ጥርስን ያበልዛል፣ ጣዕምንም ያበላሻል። የድድ ኢንፌክሽን ኖሮ ሐኪም ሲያዝዘው ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ሁሉም ካንሰርና ሁሉም መድኃኒት አንድ ዓይነት አይደለም፤ ይሄን ያወቅሁት በወረፋ ነው። አዲስ አበባ አጠገባችን ከመሐል ሜዳ የመጡ አባት ይቀመጡ ነበር። ጥቁር በርኖሳቸውን እዚያም አያወልቁም። ጉሮሯቸው ላይ ጨረር ይወስዱ ነበር፣ በሳምንት አምስት ቀን። የእሳቸው ቁስል የጀመረው ሦስተኛው ሳምንት ላይ ነው አለኝ ልጃቸው። መናገር ትተው በእጃቸው ነበር የሚቀልዱት። ልጁ ቤንዚዳሚን የሚባል መጉመጥመጫ በስንት ፍለጋ አግኝቶ ይሰጣቸው ነበር። ያ የዋዛ አይደለም፤ ሕመሙንም እብጠቱንም የሚያስታግስ፣ የአንገትና የራስ ጨረር ለሚወስዱ ቁስሉ እንዳይከፋ ለመከላከል የሚመከር ነው። "ለእናቴም ልግዛላት?" ብዬ ሲስተሯን ጠየቅኋት። የእማዬ ኬሞ ነው፣ ማስረጃው ያለው ለጨረሩ ነው፣ ገንዘብሽን ያዢ አለችኝ። ወደድኳት።

ሌላም አለ። ኤቨሮሊመስ የሚባል ለጡት ካንሰር የሚሰጥ ክኒን አለ፣ የሚያመጣው የአፍ ቁስል በዓይነቱ የተለየ ነው። ለእሱ ዴክሳሜታሶን የሚባል እብጠት የሚያበርድ መድኃኒት ያለበት መጉመጥመጫ በጣም ሠርቷል። በፈረንጆቹ 2017 በታተመው ጥናት 10 ሚሊ ሊትሩን በቀን 4 ጊዜ፣ 2 ደቂቃ ይዘው የተፉት 85 ሴቶች ውስጥ በስምንት ሳምንት ከበድ ያለ ቁስል የወጣባቸው 2ቱ ብቻ ናቸው። ያለ መጉመጥመጫው በቀደመ ሌላ ጥናት ከመቶ 33 ነበር። ይሄን ስታነቡ ግን ሮጣችሁ ዴክሳሜታሶን አትግዙ። ለዚያ ክኒን ነው፣ በሐኪም ትእዛዝ ነው።

በረዶም አለ፣ እውነቴን ነው። ፍሎሮዩራሲል በመርፌ በአንዴ ሲሰጥ፣ ከ5 ደቂቃ በፊት ጀምሮ ለ30 ደቂቃ ያህል በረዶ አፍ ውስጥ መያዝ። ቅዝቃዜው የአፍን ደም ሥር ያጠብባል፣ መድኃኒቱ እዚያ የሚደርሰው ይቀንሳል። ኦክሳሊፕላቲን የሚባለው ሌላው የኬሞ መድኃኒት አብሮ ካለ ግን ተጠንቀቁ፣ እሱ ከቅዝቃዜ ጋር ጠበኛ ነው። ይሄን ለእማዬ ስነግራት "የደብረ ብርሃን ሰው በረዶ ጥቢ ይባላል?" ብላ ሳቀችብኝ። የእሷ መድኃኒት ስላልሆነ ተረፈች።

መጉመጥመጡ ብቻውን ምንም አይደለም፣ የሚገባውንም ነገር ማየት ያስፈልጋል። መጀመሪያ የተጣላነው በመፋቂያዋ ነው። ከጠባችበት ጀምሮ በወይራ መፋቂያ ነው የምትፍቀው፣ ጥርሷም ከእኔ ይሻላል፣ ይሄን ደግሞ ሳትነግረኝ አታልፍም። ግን የእንጨቱ ጫፍ ድድ ይወጋል፣ ነጭ ሴል በሌለበት ሰሞን ትንሿ ጭረት ትልቅ ነገር ናት። ለስላሳ የሕፃን ብሩሽ ገዛሁላት። "በዚህ ዕድሜዬ የሕፃን ብሩሽ" እያለች ተቀበለችው። መፋቂያው መሶቡ ላይ ተሰክቶ ጠበቃት።

ከዚያ እንጀራው። እንጀራ እኮ ይኮመጥጣል፤ ያንን የማታስተውለው አፍህ ደኅና ሲሆን ነው። ያደረው ደግሞ ይብሳል። በርበሬው፣ ሚጥሚጣው፣ ሎሚው፣ ትኩስ ሽሮው፣ ሁሉም ጠላት ሆነ። ቆሎም ቀረ። ሰሜን ሸዋ ተወልዶ ያለ ገብስ ቆሎ መዋል ቅጣት ነው፣ ግን አንዷ ፍሬ ጉንጭ ስትቧጭር ሳምንት ያስከፍላል። ያዋጣን ያው ገብሱ ነው፣ በሌላ መልኩ። አጥሚት፣ ለዘብ ያለ ገንፎ በርበሬ ሳይነካው፣ በደንብ የበሰለ ቂንጬ፣ ድንች በወተት የተፈጨ። ሁሉም ለብ ብሎ። ከአዲስ አበባ ስንመለስ ሸኖ ላይ መኪናውን አስቁማ ቅቤ ታስገዛኛለች፣ ለገንፎው።

ወተቱ ላይ ግን ችግር ገጠመን። የነቢያት ጾም ነበር። እማዬ ኬሞም ይሁን ምንም፣ ጾም አልገድፍም አለች። ሁለት ቀን በአጥሚት ብቻ ስትውል የንስሐ አባቷን ጠራኋቸው። መጡ፣ አፏን አዩ፣ ጭራሽ እኔን ነው የተቆጡኝ፣ ለምን ቀደም ብለሽ አልጠራሽኝም ብለው። ለሕመምተኛ ወተቱ መድኃኒት ነው አሏት። እኔ ስል "ተይኝ" ስትል የሰነበተችው፣ እሳቸው ካሏት በኋላ ብርጭቆውን እስከ ጭልጡ ጠጣችው። ጠበሉም እንዲሁ ነበር። ጻድቃኔ ማርያም ካልሄድኩ አለች። አሁን ሰውነትሽን ታጠቢበት፣ አፍሽ ውስጥ ግን ያልፈላ ውሃ አይገባም፣ ሲያልቅ ሄደሽ ትጠጫለሽ ብለን ተስማማን። የተስማማነው እንደገና በእሳቸው በኩል ነው።

ሁለተኛው ዙር ላይ በእውነተኛው ሶዳ፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀመርን። ፕላስቲክ ጠርሙሱን በመኪና ይዛ፣ አሌልቱ ላይ፣ ሸኖ ላይ፣ ጫጫ ላይ ትጉመጠመጣለች። መትፊያ ቆርቆሮ ጉልበቴ ላይ። ረዳቱ አስመለሳት ብሎ ፌስታል ሲያመጣ፣ "አይ ልጄ፣ አፌን ነው" ትለዋለች። በ9ኛው ቀን ቁስል ወጣ? ወጣ። አንዲት፣ ትንሽዬ፣ ጉንጯ ላይ። ጨው ሲያቃጥላት ሲስተሯ በስልክ ጨዉን ተዪውና በሶዳው ብቻ ቀጥዪ አለችኝ። በአምስት ቀን ጠፋች። ቡናዋንም አልተወችም፣ ቀዝቀዝ አድርጋ ብቻ። መጉመጥመጡ ነው፣ ብሩሹ ነው፣ ወተቱ ነው፣ ወይስ ዕድል? መለየት አልችልም፣ ሁሉንም በአንዴ ነዋ የጀመርነው።

ሦስተኛው ዙር ላይ ሌሊት ትኩሳቷ 38.3 ገባ። አፏ ላይ ብዙም ነገር የለም። እንዲህ ሲሆን ፓራሲታሞል ሰጥቶ እስኪነጋ መጠበቅ የለም። 38 ካለፈ በዚያው ሌሊት ሐኪም ቤት ነው። ሄድን፣ ደም ታየ፣ ነጭ ሴሏ ወርዶ ስለነበር በደም ሥር አንቲባዮቲክ ተጀመረላት፣ አራት ቀን ተኛች። ውሃ መዋጥ ካቃተ፣ አፍ ውስጥ እንደ እርጎ የነጣ ነገር ከተለጠፈ፣ ወይም ደም አልቆም ካለም መጉመጥመጫ እየቀያየሩ አይቆዩም። የነጣው ፈንገስ ሊሆን ይችላል፣ የራሱ መድኃኒት አለው፣ ጨውና ሶዳ አያጠፋውም።

እንዳይረሳኝ፣ ገና ኬሞ ያልጀመረ ሰው ያላችሁ፣ የተቦረቦረ ጥርስ ካለው ቀድማችሁ የጥርስ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት። በመሐል ላይ ጥርስ መንቀል ጣጣው ብዙ ነው። ተነቃይ ጥርስ ያለውም ሲተኛ ያውልቀው።

ቀዩ መድኃኒት የካቲት ላይ አራተኛው ተሰጥቶ አለቀ። ባለፈው ሳምንት ከደነባ አንዲት ዘመዳችን ደወለች፣ እህቷ ሰኞ ኬሞ ልትጀምር ነው፣ ምን እናዘጋጅ ብላ። ስለ ሻሹ፣ ስለ ክኒኑ ማስረዳት ስጀምር እማዬ ስልኩን ከእጄ ነጠቀችኝ። "ሰማሽ ወይ የኔ እናት፣ ጨውና ሶዳ። ፓውደር እንዳይሸጡልሽ! ያው ነው ይሉሻል፣ ያው አይደለም፣ ሊጥ ነው" ትላታለች፣ ሲኒዋን በሌላው እጇ እንደያዘች።